እሁድ እሁድ የሚደውለው ልጅ

መጋቢት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ያቺን ሰዓት እስክሞት አልረሳትም። የበሩ ደወል ሲጮህ ቀና ብዬ የምድጃውን ሰዓት አየሁና «ለምሳ የተጠራ አማች ምነው በአራት ሰዓት መጣ?» ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ! በዚያ ቤት ውስጥ ከልቤ የምስቀው የመጨረሻው ሳቅ እሱ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

ስሜ ስርጉት ነው። የወልዴ ሚስት ነበርኩ። መጻፍ ማንም አላስተማረኝም፤ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን ደግሞ ካዩት ሰዎች ጠይቄ አስቀምጣለሁ። ቤታችን ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ነው። ወልዴ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጥባለሁ። እግዚአብሔር የሰጠን አንድ ልጅ ነው፤ ፅዮንን። ነርስ ሆነችልን። ያን ቀን ሠርጓ ሊደርስ የቀረው አርባ ሦስት ቀን ነበር። ለዳግማይ ትንሣኤ። የጥሪ ወረቀቶቹ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው፣ ወልዴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ የእንግዶቹን ስም እየጻፈ ነበር።

በሩን የከፈተችው ፅዮን ናት። ሕዝቅያስ ቆሟል፤ እጮኛዋ። በብብቱ ሰማያዊ ማህደር ይዟል። ከኋላው እናቱ ወይዘሮ ጸጋ አለች፤ ጥቁር መነጽሯን አላወለቀችም። ልጁ ፊቱ ላይ ደም የለም። «ምነው ያመመህ ትመስላለህ?» አልኩት። «አይ፣ ደህና ነኝ ማዘር» አለና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ስለ ማህደሩ ልንገራችሁ። ጸጋ ሥርዓት አጥባቂ ናት። ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ተቆጥሮ ሙሽሮቹ ዘመድ አለመሆናቸው ይረጋገጥ ብላ ገና ሽማግሌ ስትልክ ተናግራለች። ባሏ ሙሉጌታ ልጁ የስምንት ዓመት ልጅ እያለ ነው የሞተባት፤ በእሱ በኩል ያለውን ዘር ጎንደር ያሉት አማቷ እማማ እማዋይሽ በስልክ አስቆጠሯት። በእኛ በኩል ግን ነገሩ ተጓተተ። ወልዴ ዘሩን ሲጠየቅ «ሁሉም በጦርነት አለቀ፤ ከአያቴ በላይ አላውቅም» ይላል። አጥብቀው ሲይዙት ተነስቶ መኪናውን ማጠብ ይጀምራል። ሕዝቅያስ እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ቅን ልጅ ነው። «ሶ፣ እዚህ ካውንቲ ሁሉም ሰው ፋይል አለው። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ። እኔ ሰርች አድርጌ ለሠርጋችን ስጦታ አደርገዋለሁ» ብሎ ተነሳ። በምሳ ሰዓቱ ፎርት ዎርዝ የካውንቲው (እንደኛ አገር ወረዳ በሉት) ጽሕፈት ቤት፣ ዕረፍት ሲወጣ ዳላስ የካውንቲው ጽሕፈት ቤት እየሄደ ወረቀት ያስገለብጥ ነበር። ለፍቅር ብሎ! ለእናቱም ለእኛም ልብ ዕረፍት ብሎ! ጉድጓዳችንን በገዛ እጁ የሚቆፍረው እሱ መሆኑን እንዴት ያውቃል?

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ወልዴ፣ ብዕሩን አስቀምጦ።

ጸጋ አልተቀመጠችም። «መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አቶ ወልዴ ልበልዎ ወይስ ወንድም ጋሼ?»

ሕዝቅያስ ማህደሩን ከፍቶ ሁለት ወረቀት በጥሪ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ማለቴ… ምናልባት ሚስቴክ ይሆናል። ይሄ አባቴ ሲሞት እናቴ ለቤቱ ብላ ካውንቲው ላይ ያስመዘገበችው የወራሾች ቃል ነው። የአባቴ ቤተሰብ ሁሉ ተጽፏል። ወንድም፣ አለማየሁ ታደገ፣ ዳላስ የሚኖር ይላል። ይሄኛው ደግሞ የእርስዎና የማዘር የጋብቻ ወረቀት ነው፣ ከዳላስ ካውንቲ። በማዘር ስም ነው ሰርች ያደረግኩት። ሙሽራው…»

ሙሽራው አለማየሁ ታደገ ይላል። እኔ ያን አውቅ ነበር። ስንጋባ የወረቀት ስሙ ያ ነበር፤ ዜግነት ሲወስድ ነው ወልዴ ፈንቴ ብሎ ያስለወጠው። ያኔ በሱዳን በኩል ከመጣ ሰው የወረቀት ስም ያልነበረው ማን ነበር? አንዱ በአጎቱ፣ አንዱ በጓደኛው ስም ገብቷል። እኛ ደግሞ አንጠያየቅም። ነውር ነበር መጠየቅ። የእኔ ጥፋት ይህች ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ተኝቼ «ያ ስም የማን ነበር?» ብዬ አንድ ቀን አለመጠየቄ።

«የወረቀት ስም ነው እኮ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ጸጋ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ የስደተኛ ወረቀት ነው። ዘመድ አይደሉም። ወልዴ፣ ንገራት እንጂ!»

ወልዴ ወረቀቱን ሳይሆን መስኮቱን ያያል።

«የወረቀት ስም?» አለች ጸጋ። መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። «ባሌ ወንድም ነበረው። እዚሁ ዳላስ እያለ ቤታችንን ያልረገጠ ወንድም። ለምን አይመጣም ስለው ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። አማቴ ግን በየእሁዱ ያናግሩታል። ባለፈው ሳምንት እንኳን 'አለማየሁ ደወለልኝ' ብለውኛል። እሱ የወረቀት ስም ከሆነ እሁድ እሁድ ጎንደር የሚደውለው ማነው? ጋኔን ነው?»

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን በምን ቃል ልጻፈው? እሁድ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባሌ «መኪናውን ላሙቀው» ብሎ ይወጣል። ክረምት ከበጋ። መኪናው ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ሲያወራ በመስኮት አየው ነበር። ከጓደኞቹ ጋር መስሎኝ። እናቱ ገና በልጅነቱ እንደሞቱ ነው የነገረኝ።

ጸጋ ስልኳን አወጣች። «እሳቸው ይናገሩ።»

«ተይ» አለ ወልዴ። ማህደሩ ከተከፈተ ወዲህ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያ ቃል ናት። «ጸጋ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ እሳቸውን ተይ።»

አልተወችም። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጎንደር ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ እየመሸ ነው። ረጅም ጥሪ ጠራና የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«ጸጋ ነኝ እማዬ። አንድ ሰው አግኝቼ ነው። አለማየሁ ነው የሚሉት። እውነት የእርስዎ ልጅ ይሁን አይሁን ሰው ሁሉ ሊያውቅ ይፈልጋል። አጠገቤ ነው ያለው።»

የሚሰማው የአሮጊቷ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ተቆጣ። «የምን ሰው ሁሉ? ማነው የእኔ አይደለም ያለው? የእኔ ነው! ልጄ ነው! አለሜ፣ አለህ?»

ወልዴ ሁለት እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አለሁ እማዬ» አለ።

«ምን አደረጉብህ?»

«ምንም። ነገ እደውላለሁ።»

ጸጋ ወደ ስልኩ እየጠቆመች፣ እያንዳንዱን ቃል እየቆረጠች ጠየቀችው። «እናትህ እየሰማች ተናገር። የሙሉጌታ ወንድም ነህ ወይስ አይደለህም?»

ፅዮንን አየ። ልጃችንን፣ አንድ ልጃችንን! እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ጭንቅላቷን በጥቂቱ ትነቀንቃለች፣ አይደለሁም በል፣ አይደለሁም በል እንደሚል ሰው። ከዚያ ስልኩን አየ። አንዲት አሮጊት በዚያ በኩል ጆሮዋን ሰጥታለች…

«ወንድሙ ነኝ» አለ።

ሕዝቅያስ በወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ጸጋ ስልኩን ዘጋች፤ ያሸነፈች ሰው ግን አትመስልም ነበር፣ አሁን ገና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፅዮን ወደ አባቷ ቀረበችና እንደ ሕፃን በቀስታ ጠየቀችው።

«ዳዲ፣ ሕዝቅያስ የማን ልጅ እንደሆነ መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ቤት ያመጣሽው ቀን።»

«የመጀመሪያው ቀን?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ሁለት ዓመት? ሁለት ዓመት እያወቅህ ዝም አልክ? የአጎቴ ልጅ መሆኑን እያወቅህ? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

መልስ አልጠበቀችም። ነጭ ኮቷን ከመስቀያው አንስታ፣ የመኪና ቁልፏን ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የመጨረሻው የጥሪ ወረቀት ግማሽ ስም ብቻ ነበር የተጻፈበት።

በማግሥቱ እሁድ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ ወደ መኪናው ወጣ። ተከትዬው ሄድኩና ከጎኑ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ደውል» አልኩት። «እናትህን እኔም ልስማት።»

«እናቴ አይደሉም፣ ስርጉት» አለ።

ከዚያ ነገረኝ። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ የማይንቀሳቀስ መኪና እየነዳ።

ሦስት የአንድ ሰፈር ልጆች ከጎንደር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ወንድማማቾቹ ሙሉጌታና አለማየሁ ቀድመው ገዳሪፍ ደረሱ፣ ካምፑ ውስጥ ለአሜሪካ ተመዘገቡ። ወልዴ ዘግይቶ ደረሰ፤ ምዝገባው አልቋል። ስማቸው ሊጠራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለማየሁ በወባ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፤ ሁለቱ ተሸክመውት ሄደው በአንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ቀበሩት። ሞተ ተብሎ ከተነገረ የወንድማማቾቹ ፋይል ይበላሻል፣ ሙሉጌታም ይቀራል። በዚያ ምሽት ሙሉጌታ ወልዴን፣ «ስሙ ሲጠራ አቤት በል» አለው። አቤት አለ። አንዲት ቃል ናት። አርባ ዓመት ግን አልተመለሰችም።

ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ወደ ጎንደር የተመለሰ አንድ ሰው ከሦስቱ ልጆች አንዱ መሞቱን አወራ። የቱ ነው? ተብሎ ተላከባቸው። አለማየሁ በወረቀቱ ላይ በሕይወት መኖር አለበት። ስለዚህ ሙሉጌታ ጻፈ፤ የሞተው ወልዴ ነው ብሎ። የወልዴ እናት የሻረግ በማለዳ በሯ ተንኳኳ፣ የልጇ መርዶ ተነገራት። በሕይወት ላለ ልጇ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ አመድ ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሳይሞላት በዚያው ሐዘን ሞተች።

«እኔ የሰማሁት ቴክሳስ ከገባሁ በኋላ ነው» አለ ወልዴ። «የእኔን እናት በእኔ መርዶ ገደልኳት። ሙሉጌታ በእኔ ፊት ላይ ወንድሙን ማየት አልቻለም፤ እኔም እሱን ማየት አልቻልኩም። ተለያየን። ሲቀበር የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ከሩቅ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ቀን፣ የሱን እናት ግን አልገድልም ብዬ ማልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነው በአለማየሁ ስም እሁድ እሁድ የምደውልላቸው። ልጅዎ ከሞተ ስንት ዓመቱ ብዬ ልንገራቸው? አንዱን ቀበሩ፣ ሁለተኛውን እንዴት ላስቀብራቸው?»

«የራስህ ልጅስ?» ብዬ ጮህኩበት። «ፅዮን የማን ናት? ዛሬ፣ አሁን እነግራታለሁ!»

እጄን ይዞ አለቀሰ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «ለልጆቹ ከነገርናቸው ጸጋ ትሰማለች። ጸጋ ከሰማች ጎንደር ይሰማል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ስርጉት። ስንት ይቆያሉ? እሳቸው እስኪያልፉ ብቻ። ከዚያ ለፅዮን እኔ ራሴ ተንበርክኬ እነግራታለሁ። ወጣት ናት፣ ትደርስበታለች።»

ማልኩለት። ምነው ምላሴ ተቆርጦ በነበር!

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሰው እናት ሞት የሚጠባበቅ ቤት ሆነ። በየእሁዱ እኔም መኪናው ውስጥ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ስልኩ ይጠራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ… መልሱ ሲዘገይ እሱ መሪውን ይጨብጣል፣ እኔ ልቤ ውስጥ ተስፋ ብልጭ ትላለች። አዎ፣ እጽፈዋለሁ፣ እግዚአብሔርም አይቶታል። ከዚያ «አለሜ!» ይላል ያ ድምፅ፤ እሱ ይተነፍሳል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። እሳቸውም ምንም ሳያውቁ፣ «ሚስትህ ደህና ናት? ይባርካት» ይላሉ። ከጎንደር ጋር አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ለፅዮን ይደውላል። አታነሳም። መልእክት ይተውላታል። «ፅዮንዬ… ምንም የለም። ዳዲ ነኝ።» በየእሁዱ ያቺኑ።

ፅዮን ዳላስ አፓርትመንት ተከራይታ እኔን እንጂ እሱን ማየት እንቢ አለች። ሕዝቅያስ ሥራውን ለቆ ሲያትል ሄደ። በ2016 መጨረሻ አንዲት ደግ ልጅ ማግባቱን ሰማን። ያን የሰማ ዕለት ወልዴ ጓሮ ወጥቶ የደረቀ ዛፍ ሥር እስኪመሽ ቆመ። «ዘገየን» ብቻ አለኝ። «እሳቸውም ቆዩ፣ እኛም ዘገየን።» ከዚያ በኋላ ደረቱን መያዝ ጀመረ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «እሁድ አይሆንም፣ ሰኞ» ይላል፤ ሰኞ ሲሆን ሥራ ይገባል።

ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ መጦሪያው ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ የሥራ ጓደኛው ገመቹ ደወለልኝ። «ስርጉት፣ ወልዴን ትንሽ አሞታል። መኪና አትንጂ፣ እኔ እየመጣሁልሽ ነው።» ትንሽ አሞታል! እኛ ሰዎች እኮ ሞትን ሌላ ምን ብለን እናውቃለን? አንሶላውን አጥፌ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። በኋላ ገመቹ እንደነገረኝ፣ አውቶቡሱን በማቆሚያው ላይ በሥርዓቱ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በሩን ለተሳፋሪዎች ከፍቶ ነው ያረፈው። ሰዎቹ ወርደው፣ «ሻንጣችንን አታወርድልንም?» ብለው ሲመለሱ ነው ያወቁት።

የቀብር አስፈጻሚው ቢሮ ከፅዮን ጋር ሄድን። ጠረጴዛው ማዶ ያለችው ሴት ለካውንቲው የሚላከውን የሞት ወረቀት ልትሞላ ትጠይቀናለች። ስም። የትውልድ ቦታ። ሥራ። ፅዮን ታስተረጉምልኛለች፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያላናገረችው አባቷ ነው፣ ዓይኗ ደርቋል። «የአባት ስም?» ፈንቴ አልኩ። «የእናት ስም?»

እስክሪብቶዋ ቆሞ ጠበቀኝ። እሳቸው እስኪያልፉ ብዬ ምያለሁ። እሳቸው አላለፉም። ግን ያቺ በልጇ መርዶ የሞተች ሴት… እሷን ደግሞ እኔ በወረቀት ልግደላት? ባሌ በሰው ስም ኖረ፤ በሰው እናት ይቀበር?

«የሻረግ» አልኩ።

ፅዮን ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ እማማ እማዋይሽ ናቸው እኮ።»

«አይደሉም።»

«ምን ማለት ነው አይደሉም?»

«እናቱ የሻረግ ናት። እማማ እማዋይሽ አልወለዱትም። አባትሽ ከሙሉጌታ ጋር አንድ ጠብታ ደም የለውም፣ ልጄ።»

ስትረዳው አየኋት። «ሶ… ሕዝቅያስ…» አለች።

«ምንሽም አይደለም። ምንሽም አልነበረም።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ከሴትየዋ እጅ እስክሪብቶውን ወስዳ የአያቷን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ራሷ ጻፈች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ አንድ በአንድ፣ ያልሰማቻቸውን መልእክቶች ትሰማ ጀመር። «ፅዮንዬ… ምንም የለም። ዳዲ ነኝ።» «ፅዮንዬ… ምንም የለም። ዳዲ ነኝ።» ከመቶ ሠላሳ በላይ እሁድ ነበር። ሴትየዋ የወረቀት መሐረብ ሳጥኑን ወደ እኛ ገፋችና ቀስ ብላ ወጣች።

ሕዝቅያስ ለቀብሩ ከሲያትል መጣ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። እውነቱን ለእሱና ለእናቱ የነገርኳቸው ከመቃብሩ ስንመለስ ነው። ጸጋ እግሬ ሥር ወደቀች። «በእኔ ስልክ! በእኔ እጅ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ልጆቹ በመኪናው አጠገብ ፊት ለፊት ቆመው አየኋቸው። ሰማያዊውን ማህደር ሰጣት። «ኦኬ ነሽ?» አላት። «ኦኬ ነኝ» አለችው። ሌላ የተናገሩት የለም። ምን ይናገሩ? ሚስቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ሆዷን እየደባበሰች ትጠብቀዋለች።

እሁድ ሲደርስ ጎንደር የሚደውል አልነበረም። ሁለተኛው እሁድም እንዲሁ። እሳቸው «ልጄ ምን ሆነ?» እያሉ ጎረቤት መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ጸጋ ጎንደር ያሉትን የደብሩን ቄስና ጎረቤቶችን በስልክ ለመነች፤ እንደ ሥርዓቱ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሄደው እንዲያረዷቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ መርዶው በትክክለኛው በር ሊገባ ነው። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ግን በእግር ኮቴው አወቁ። ቄሱ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎ አለማየሁ አርፏል» አሏቸው።

እሳቸውም ጠየቁ። «የትኛው?»

ቄሱ አልገባቸውም። «አለማየሁ፣ እማማ።»

«የትኛው ነው የምለው። ሱዳን የቀረው ነው ወይስ እሁድ እሁድ የሚደውለው?»

…አሁንም ይህን ስጽፍ እጄ ይቆማል። ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያዋ ጥሪ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሰፈራቸው ውስጥ ያሳደጉትን የጎረቤት ልጅ ድምፅ ያጣሉ? ለቄሱ እንደነገሯቸው፣ ገና «እማዬ» ሲል ነው የለዩት። በየሻረግ ለቅሶ ላይ አብረው ያለቀሱ፣ የሻረግ ስትሞትም የገነዟት እሳቸው ናቸው። «እናቱ በሐሰት መርዶ ሞተችበት፤ እኔ ደግሞ ልጄ በእውነት ሞተብኝ። እሱ እናት የለው፣ እኔ ልጅ የለኝ። ምን ብዬ አባርረዋለሁ?» አሉ። ያን ቅዳሜ ጸጋ ስትደውልስ? ሰው በወረቀቱ ሊያሳስረው የመጣ መስሏቸው ነው «የእኔ ነው» ብለው የጮሁት። እሱ እሳቸውን ለማዳን ዋሸ፤ እሳቸው እሱን ለማዳን ዋሹ። በሁለቱ ምሕረት መካከል የእኔ ልጅ ትዳር ተቀጠፈ። ይህን ዕድል ማን ጻፈው? በየትኛው ካውንቲ ሄጄ ልጠይቅ? ጥላቻ ቢያጠፋን ኖሮ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ያጠፋን መተሳሰብ ነው።

እማማ እማዋይሽ የሁለቱንም ፍትሐት አንድ ቀን አስፈቱ፤ ሁለት ስም አስጠርተው።

ከአርባው በኋላ፣ ጥር 4 ቀን 2017፣ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፅዮን ወደ አርሊንግተን መጣች። የአባቷን መኪና ከፍታ ገባች። ጎንደር ደወለች። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እማማ፣ እኔ የወልዴ ልጅ ነኝ። የዳዲን ሰባት ቤት ንገሩኝ። እሱ ሊነግረን አልቻለም» አለቻቸው። የየሻረግንና የፈንቴን ዘር የሚያውቅ ሌላ ሰው በምድር ላይ አልቀረም። አሮጊቷ ሳቁ አሉ። «እነግርሻለሁ። ግን በየሳምንቱ አንድ ስም ብቻ። ሁሉን ዛሬ ከነገርኩሽ መች ትደውያለሽ?»

ፅዮን በሰማያዊው ማህደር ውስጥ ባዶ ወረቀት አስገብታ ትጽፍ ጀመር። አንድ እሁድ አንድ ስም።

እማማ እማዋይሽ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት አረፉ። በወረቀቱ ላይ ያሉት ስሞች ስድስት ናቸው።